የአክስቴን ፉርኖ ምን ነካው?

ዕቃ ሲበላሽ አገር ሁሉ ሐኪም ነው። ደህና ሆኖ ሲያገለግል ዘወር ብሎ አይቶት የማያውቅ ሰው፣ የተበላሸ ዕለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆምና ራሱን ይነቀንቃል። ቀጥሎ ያንኳኳል። ማንኳኳት ግዴታ ነው። ፋኖስ ይሁን የልብስ ስፌት መኪና፣ ሳያንኳኳ ምክር የሰጠ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ካንኳኳ በኋላ "እኔ ድሮም ብያለሁ" ይላል። ምን ብሎ እንደነበር ግን የሚያስታውስ የለም፤ እሱ ራሱም አያስታውስም።

ከዕቃ ሁሉ ደግሞ እንደ ምድጃ መካሪ የሚበዛበት የለም። ሰዓት ቢቆም "እኔ አላውቅበትም" ብሎ የሚያልፍ ጨዋ ሰው አይጠፋም። እሳት ግን ሁሉም ያውቃል። እናንተም ታውቃላችሁ። ጭስ እየሸተተው ያደገ ሰው "እሳት አላውቅም" ቢል ማን ያምነዋል? እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው፣ የብረት ፉርኖ ቤታችን እስኪገባ ድረስ።

ፉርኖ ስላችሁ ያንን በጡብ የሚሠራውን የዳቦ ቤት ምድጃ እንዳታስቡ። የኛው በአራት እግሩ የሚቆም፣ ቁመቱ እስከ ወገቤ የሚደርስ ጥቁር የብረት ሣጥን ነው። በግራው በኩል እንጨት የሚነድበት ትንሽ ክፍል አለው፤ በቀኙ በኩል ዳቦ የሚገባበት ባለ መዝጊያ ሆድ። ከላዩ ድስትና ማንቆርቆሪያ የሚጣድባቸው ክብ ክብ ክዳኖች አሉ። ከኋላው የጭስ ቱቦ ተነሥቶ ጣራውን በስቶ ይወጣል። ቱቦው አንገት ላይ ጆሮ የመሰለች ማዞሪያ አለች፤ ስትዞር ጭሱን ትከፍታለች ወይም ትዘጋለች። ወደ ቀኝ ስትዞር ነው የምትከፍተው ወይስ ወደ ግራ? በዚህ ነገር የኛ ሠፈር ለሁለት ተከፍሎ ሰንብቷል።

ፉርኖው የሲኞር ነበር። ሲኞር መንገድ ሊሠራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ጣሊያን ሲሆን፣ ከሚሴ ውስጥ ስሙን አሟልቶ የሚጠራው አልነበረም። አክስቴ ዘሃራ ዓመታት ሙሉ እንቁላልና ወተት ስታቀብለው ኖራለች። ጠዋት ጠዋት በደጁ ያለፈ ሰው ሁሉ የዳቦው ሽታ ያቆመው ነበር። ሲኞር አርጅቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ፉርኖውን ለአክስቴ ተወላት። አቅም ያላቸው ወንዶች በሁለት ወፍራም እንጨት ተሸክመው አመጡት። መንገድ ላይ ደጋግመው አሳርፈውታል፤ ባሳረፉት ቁጥርም የቆመ ሰው ቀርቦ ያንኳኳው ነበር።

አክስቴ ሻይ ቤት አላት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወጣው፣ ከደሴ የሚወርደው ካሚዮን ሁሉ በደጇ ያልፋል። ሻይዋን የሚጠላ ሹፌር የለም። ዳቦው ነበር ችግሩ። ከኮምቦልቻ ተጭኖ የሚመጣው ዳቦ እኛ ጋ ሲደርስ ሻይ ውስጥ ካልተነከረ ጥርስ ያነቃንቃል። ስለዚህ አክስቴ ፉርኖው ቤቷ በገባ ማግሥት ጨፋ ሮቢት ድረስ ወርዳ አባቴን አነጋገረችው። እኔ የገባሁበት እዚህ ላይ ነው።

አባቴ ገበሬ ነው። አክስቴ ታላቅ እኅቱ ናት። አባቴ ከአላህ ቀጥሎ የሚፈራው እሷን ነው እየተባለ በቤታችን ይሳቅ ነበር፤ እሱ በሌለበት።

"ልጅቷን ስጠኝ" አለችው። "ዳቦ ልጋግር ነው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ፉርኖው ላይ ደግሞ ጽሑፍ አለበት።"

"ለሰንበቴው ሰው ምን ልበለው?" አላት አባቴ።

የሰንበቴው ሰው ሰንበቴ ከተማ የሚኖር የከብት ነጋዴ ነው። እኔን ለልጁ ሊያጭ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። ልጁን አይቼው አላውቅም። ከብቶቹን ግን አንድ ጊዜ በሩቅ አይቻለሁ፤ ጥሩ ከብቶች ናቸው።

"ከኔ ጋር ከሠራች ምን ትለዋለህ! ሥራ ይዛለች በለዋ።"

አባቴ እኅቱን እንቢ ማለት አይችልም፤ ነጋዴውንም ማስቀየም አልፈለገም። እንዲህ ያለ ሰው መካከለኛ ነገር ይፈልጋል። "እሺ፣ ለመውሊድ ከሚሴ እመጣለሁ" አላት። "ፉርኖሽ ደህና ዳቦ አውጥቶ ከጠበቀኝ ልጅቷ ትቅርልሽ። ካላወጣ ይዣት እሄዳለሁ፣ ለሰውየውም ቃሌን እሰጠዋለሁ።"

እኔን የጠየቀኝ የለም። መልስ አጥቼ አልነበረም። ብቻዬን ስሆን አፌ ደህና ነው፤ ሰው ሲያየኝ ግን ድምፄ እንደ ባለጌ እንግዳ ሳይሰናበት ይሄዳል። እንዲህ ሆኜ ነው እንግዲህ ዕጣዬ ከአንድ ብረት ሆድ ጋር የታሰረው።

ከሚሴ በደረስኩ ቀን ፉርኖው ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። የዳቦው መዝጊያ ላይ ከብረቱ ጎልተው የወጡ የፈረንጅ ፊደላት አሉ። "አንብቢልን እስቲ" አለችኝ አዴ ሙሚና፣ የአክስቴ የግድግዳ ጎረቤት። አጎንብሼ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጠራኋቸው። ሰው ሁሉ የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀ።

"ምን ይላል?"

"ስም ነው" አልኩ፤ ለራሴ እንኳ በቅጡ ሳይሰማኝ።

"የማን?"

"የሠራው ሰው።"

"አላህ ይርዳው" አለች አዴ ሙሚና። ከፉርኖው ጽሑፍ ያገኘነው ጥቅም ይኸው ነው።

ወደ ሥራው እንግባ። የመጀመሪያው ዳቦ የገባ ዕለት ጭሱ ቱቦውን ረስቶ ሌላውን ቀዳዳ ሁሉ አስታወሰ። በእንጨት ማስገቢያው ወጣ፣ በክዳኖቹ ዙሪያ ወጣ፣ በዳቦው መዝጊያ አናት ወጣ። ሹፌሮቹ ብርጭቆአቸውን ይዘው ጎዳና ላይ ቆመው ጠጡ። ዳቦው ሲወጣ ከላይ ከስሏል፣ ከሥር ሊጥ ነው፤ ግራው ጠቁሯል፣ ቀኙ ገርጥቷል። አንድ ዳቦ አራት ዓይነት ሆኖ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። አክስቴ አገላብጣ አየችውና "አልሐምዱሊላህ፣ መሐሉ ደህና ይሆናል" አለች። ቆረሰችው። መሐሉም ደህና አልነበረም።

አሁን እንደናንተ ያለ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው "ታዲያ ምን ሆኖ ነው?" ይላል። ቀስ በሉ። ፉርኖ አንድ በሽታ ብቻ ቢኖረው ይኼን ሁሉ ባልጻፍኩ። ብዙ ትንንሽ ሕመም ነበረበት፤ መካሪዎቹም ሁሉም በየድርሻቸው ትንሽ ትንሽ እውነት ነበራቸው። እኔን ያስቸገረኝ ይኸው ነው። ሁሉም ፈጽሞ ቢሳሳቱ ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

አዴ ሙሚና እንጨቱን አየች። "ያ ኢንታላ፣ ይኼ እንጨት ገና እያለቀሰ ነው እኮ" አለችኝ። ልጅ ስትለኝ ነው፤ ስትቆጣም ስታዝንም ኦሮምኛዋ ይቀድማል። እውነቷን ነው፤ ትኩስ የተቆረጠ የግራር ጉማጅ ነበር የምንማግደው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ውኃ እያፈላ ይንጫጫል። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን የራሱን ውኃ ሲያደርቅበት ይውላል፤ ለዳቦ የሚተርፈው ጭስ ብቻ ነው። ደረቁን ቀጭን አድርገን ፈልጠን ማገድን። ጭሱ ትንሽ ቀነሰ።

ቀጥሎ መዝጊያው። የዳቦው መዝጊያ የተዘጋ ይመስላል እንጂ አይዘጋም ነበር። እንዴት አወቅሽ ብትሉኝ፣ ከድሮ ደብተሬ አንድ ቅጠል ቀድጄ በመዝጊያው አፍ አስገብቼ ዘጋሁበትና ሳብኩት። በታች በኩል ያዘው፣ በላይ በኩል ምንም ሳይዘው ወጣ። በላይ በኩል ሙቀቱም እንደዚያው ይወጣል ማለት ነው። ለአክስቴ ወረቀቱን አስገብቼ እየሳብኩ አሳየኋት፤ ለማሳየት ድምፅ አያስፈልግም። አክስቴ የመዝጊያውን ማጠፊያ በድንጋይ እየቀጠቀጠች አቃናችው፤ የቀረውን ክፍተት ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ለሰነችው።

የግራው መጥቆርስ? እሳቱ በግራ ነው ያለው፣ ግራው ቢጠቁር ምን ይገርማል? ዳቦው ሲጋመስ ትሪውን ማዞር ነው። እሳቱን ከማዛወር ትሪውን ማዞር ይቀላል። ይኼን ያወቅኩት ግን እጄ ሁለቴ ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ይኼ ሁሉ ተደርጎም ፉርኖው ጤና አልሆነም። ያን ጊዜ ጋሽ ታደሰ መጣ።

ጋሽ ታደሰ የሸዋ ሰው ነው፤ ካሚዮን ነጂ። በሳምንት አንዴ ወደ ደሴ ሲወጣ እኛ ጋ ሻይ ይጠጣል፣ ሲመለስም ይጠጣል። ለሱ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሞተር ነው። ሆዱን ሲያመው እንኳ "ዘይት አንሶኝ ነው" ይላል። ኮቱን አውልቆ ፉርኖው ሥር በጀርባው ተኛ። ከታች ሆኖ አንኳኳ።

"አዴ ዘሃራ፣ ይኼ ዕቃ ጭሱን ካላስወጣ አይተነፍስም። ቱቦሽ አጭር ነው። ጣራው ይበልጠዋል፤ ከጨፋ የሚነሣው ነፋስ ጭሱን መልሶ ወደ ቤት ይደፋዋል።"

"ሲኞር ቤት እኮ እንዲሁ ነበር።"

"የሲኞር ጣራ ዝቅ ያለ ነው" አለ፣ ከመሬት ሳይነሣ።

ወጥቼ አየሁ። እውነት ነው፤ የቱቦው ጫፍ ከጣራው አናት በታች ነበር። ጋሽ ታደሰ ከመኪናው ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎች አውርዶ ቆረጠ፣ ጠቀለለ፣ በሽቦ አሠረ፤ ቱቦውን ሊያስረዝም ነቀለው። ሲነቅለው አክስቴ እሳቱን በገል አፍሳ አዴ ሙሚና ቤት በእንግድነት አሳደረችው። ጋሽ ታደሰ ቱቦውን እየደበደበ ጥላሸቱን አራገፈ። ፉርኖውንም ወደ ጎን አጋድሎ ነቀነቀው፤ ያለው አመድ ሁሉ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ጠርጌ ሳበቃ ራሴ አመድ መስዬ ነበር።

ሲተከልና እሳቱ ከእንግድነት ሲመለስ ፉርኖው ጎርፍ እንደሚሰማበት ወንዝ አጓራ። ዳቦ ወጣ። ዳቦ የሚመስል ሳይሆን ዳቦ። አዴ ሙሚና "ማሻአላህ" እያለች ሁለት በላች። ጋሽ ታደሰ ክላክሱን እየነፋ ወደ ደሴ ወጣ። እኔም የሰንበቴውን ሰው ከብቶች በልቤ በሰላም ሸኘኋቸው።

በማግሥቱ ትንሽ አጨሰ። ነፋሱ ነው ተባለ። ቀጥሎ ባሰበት። እንጨቱ ደረቅ ነው፣ መዝጊያው ወረቀት ይይዛል፣ ቱቦው ከጣራ በላይ ነው፣ ፉርኖው ግን በየቀኑ እየደከመ ሄደ። ሳምንቱ ሲያልቅ ወደ ድሮው ዳቦ ተመለስን፤ አራቱም ዓይነት። ጋሽ ታደሰ ሲመለስ ቀምሶ ብዙ አላመጠ። "ክላቹ ነው" አለና ሻዩን ጨርሶ ሄደ። አዴ ሙሚና "ዓይን ነው" አለች። መውሊድ ግን እየቀረበ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አክስቴ እሳት ካልነገርኳችሁ የቀረውን አትረዱትም።

አክስቴ ስትዳር አማቷ ከራሷ ምድጃ ፍም አፍሳ በሸክላ ሰጠቻት። እሳቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። ባሏ ሞተ፣ ቤት ቀየረች፣ ሻይ ቤት ከፈተች፤ እሳቱ አብሯት ሄደ። ማታ ማታ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ታዳፍነዋለች፤ ጠዋት ገለጥ ስታደርገው ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል። ክብሪት ሱቅ ሞልቷል፤ ለአክስቴ ግን ክብሪት የሲጋራ ዕቃ ነው። በኛ ሠፈር እሳቷ የጠፋባት ሴት ገል ይዛ ወደ አክስቴ ትመጣለች። እሳት ልትጭር የመጣችን ሴት ባዶ ገሏን መመለስ ደግሞ ሰላምታ እንደመንሣት ነው። አመድም ቢሆን ዝም ብሎ የሚጣል ነገር አይደለም፣ የእሳቱ ጋቢ ነው። አክስቴ ምድጃ ጠራርጎ ባዶ ማድረግ የሚባለውን ነገር የምታውቀው ሰው ሞቶ ቤት ሲዘጋ ነው።

ፉርኖው ሲገባ አክስቴ እሳቱን ወደሱ አዛወረችው፤ የክብር ቦታ ሰጠችው ማለት ነው። ጓሮ ያለው የጭቃ ምድጃ ሥራ ፈታ፣ ገብስማዋ ዶሮ እንቁላል መጣያ አደረገችው። እንግዲህ ማታ ማታ አክስቴ እንደ ልማዷ ፉርኖው ውስጥ ፍሙን ታዳፍናለች። አመድ ሲያንሳት ከጓሮ ታመጣለታለች።

እናንተ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን ገና ነበርኩ፤ አመዱን በየማታው እያየሁት አላየሁትም።

ያየሁት ሲኞር ግቢ ነው። ቤቱ ባዶ ነበር፤ አክስቴ ከጓሮው ፓፓያ እንዳመጣ ላከችኝ። ዛፎቹ ሥር አንድ ጉብታ አለ፣ ግራጫ፣ ከኔ ደረት የሚደርስ። እግሬ ገባበት። አመድ ነው። ጫር ጫር ሳደርገው ምስማር ወጣ፣ ከሰል ወጣ፣ የእንቁላል ቅርፊት ወጣ፤ የአክስቴ እንቁላሎች መሆን አለባቸው። ቆሜ አሰብኩ። ሲኞር ዕድሜውን ሙሉ ጠዋት ጠዋት አመድ ሲያወጣ ኖሯል። ከኛ ፉርኖስ ማን አመድ አወጣ? ጋሽ ታደሰ፣ አንድ ቀን፣ ሳያስበው። ዳቦ የወጣውም ያን ቀን ነው።

ቤት ገብቼ አክስቴ ገበያ ስትወጣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከእንጨቱ ማንደጃ በታች መሳቢያ የመሰለ ነገር አለ። የብረት ጌጥ መስሎን ማንም ስቦት አያውቅም። ሳብኩት፣ አልመጣም። ከላይ ድረስ አመድ ታጭቆበታል። አየር የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ጋሽ ታደሰ ስለ ጭሱ መውጣት ያለው ልክ ነበር፤ ስለ አየሩ መግባት ግን ያሰበ አልነበረም። እሳቱ አፉ ታፍኖ ነው እንጂ ክላችም ዓይንም አልነበረበትም።

ማወቅ አንድ ነገር ነው። ለአክስቴ መንገር ሌላ። "እሳትሽን አጥፊና አመዱን ድፊ" ተብሎ ለትልቅ ሰው ይነገራል? ያውም የአማቷን እሳት። ያውም በኔ አፍ። ቢሆንም ሞከርኩ። ማታ ስታዳፍን አጠገቧ ቆምኩ።

"አክስቴ፣ አመዱ…"

"አመዱ ምን ሆነ?"

"ምንም።"

"አነሰ እንዴ?" አለችና ጨመረችበት።

አባቴ በመውሊድ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በአህያ ማሽላ ጭኖ ደረሰ። አክስቴን ሳመ፣ ተቀመጠ፣ ፉርኖውን ከእግር እስከ ቱቦ አየው። ተነሥቶ አንኳኳው። "ነገ እናያለን" አለ፤ ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ። የሰንበቴውን ሰው ስም አላነሣም። ያላነሣው ስም ቤቱ ውስጥ ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

ንጋት ላይ አባቴ መስጊድ ሄደ። አክስቴ ጓዳ ገብታ ሱብሒ ልትሰግድ ቆመች። አክስቴ ሱብሒን አታቻኩልም፤ ከሶላቱም በኋላ ዱዓዋ ረጅም ነው። ዕድሜ ለዱዓዋ። አካፋዋን አነሣሁ፣ "ቢስሚላህ" አልኩ፣ ፉርኖውን ከፈትኩ። ፍሙን አፍሼ ወደ ጓሮው ምድጃ ወሰድኩት። ዶሮዋ ተኝታበታለች። በእግሬ ገፋ ባደርጋት አልነሣ አለች። ፍም በአንድ እጅ፣ ዶሮ በአንድ እጅ የያዘ ሰው ምን እንደሚመስል እናንተ ገምቱ። እንቁላሏን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩ፣ እሷን አወረድኳት፣ ፍሙን አስቀመጥኩ። ከፉርኖው አመድ አምጥቼ አለበስኩት፤ አክስቴ እንደምታለብሰው፣ ጫፍ ጫፉን ጠበቅ፣ መሐሉን ሳሳ አድርጌ።

ከዚያ መሳቢያውን በቢላ ጫፍ እየፈለፈልኩ፣ እያወዛወዝኩ አወጣሁት። በዳቦው ሆድ ሥር ደግሞ መዳፍ የምታህል በር አገኘሁ፤ ስከፍታት ጥላሸት እንደ ጤፍ ፈሰሰ። ጭሱ ሆዱን ዞሮ የሚሄድበት መንገድ ይኼ ኖሯል፤ ለካ ሥሩ ሊጥ የሚሆንብን እዚህ ሲታፈን ነው። ሁሉንም አወጣሁ። ፉርኖው እንደ አዲስ ድስት ባዶ ሆነ።

አክስቴ የደረሰችው ልክ ባዶ ሲሆን ነው።

የሶላት ነጠላዋን አላወለቀችም። የተከፈተውን ማንደጃ አየች፣ ወለሉን አየች፣ እኔን አየች።

"ፋጡማ፣ እሳቴስ?"

አካፋውን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

"አጠፋሽው?"

ራሴን በአሉታ ነቀነቅኩ። በእጄ ወደ ጓሮ አመለከትኩ። ቀድማኝ ወጣች። ዶሮዋ ምድጃው አፍ ላይ ቆማ ስሞታዋን ታሰማለች። አክስቴ ተንበረከከች፣ በእንጨት ገለጥ አደረገች። ለጥቂት ጊዜ ግራጫ ብቻ ነበር። እኔ በዚያች ጊዜ ውስጥ ሰንበቴ ደርሼ ተመልሻለሁ። ከዚያ ቀዩ ታየ።

ያኔውኑ አዴ ሙሚና ገሏን ይዛ በአጥሩ ክፍተት ገባች። "አካም ቡልታን? ኢቢዳ ናፍ ኬና፣ የኔ ጠፍቶብኝ አደረ" አለች። እንዴት አደራችሁ፣ እሳት ስጡኝ ማለቷ ነው። አክስቴን አሮጌው ምድጃ ላይ ተንበርክካ ስታያት ገሉ እጇ ላይ ቀረ። "ኧረ ዘሃራ፣ ተመልሰሽ እዚህ ገባሽ? ፉርኖው አለቀለት?"

አክስቴ እኔን አየችኝ። አንድ ቃል ብትናገር፣ "ይቺ ልጅ እሳቴን አፈናቀለችው" ብትል፣ ከሰዓት በፊት ሠፈሩ ሁሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጨፋ ሮቢት ይሰማዋል።

"ምን ያልቅለታል" አለች አክስቴ። "እሳቱ ነው እንጂ ብረት ውስጥ ማደር አልስማማው አለ። ማታ ማታ እዚህ ያድራል፤ ቀን ቀን እዚያ ይሠራል።"

"እንደ ሰው" አለች አዴ ሙሚና።

"እንደ ሰው" አለች አክስቴ፤ ገሏን ተቀብላ ፍም ሞላችላት። ከዚያ ለኔ አንድ አካፋ ፍም ሰጠችኝ። "በይ፣ ወደ ሥራው ውሰጂው።"

እኔ መፍትሔ ያልኩት አመድ መድፋት ነበር። አክስቴ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር እሳቷንም ፉርኖዋንም አኖረች። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ እኔ ብናገር ኖሮ እንደዚያ አድርጌ አልናገረውም።

የቀረው ሥራ ነው። ደረቅ እንጨት፣ የቱቦው ጆሮ ተከፍታ፣ መሳቢያው ትንሽ ተስቦ። ቱቦው አጓራ። ሆዱ ሙቀት በቅቶት እንደሆነ ለማወቅ ትሪ ላይ ዱቄት በተን አድርጌ አስገባሁ፤ ወዲያው ቢጠቁር በዝቷል፣ ነጭ እንደሆነ ቢቆይ አንሷል። ቀስ ብሎ የገብስ ቆሎ መልክ ያዘ። ዳቦው ገባ። ሲጋመስ አዞርኩት። ሽታው ጎዳናውን ሲሻገር አባቴ ከመስጊድ እየተመለሰ ነበር። በር ላይ ቆሞ አየር ሳበ።

አክስቴ ትኩሱን ዳቦ ፊቱ አስቀመጠችለት። አባቴ ገለበጠው። ሥሩን አየ። ከዚያ፣ ግዴታ ነው ብያችሁ የለ፣ አንኳኳው። ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ፤ ውስጡ በስሎ እንደ ባዶ ቅል ይጮሃል። ቆረሰ፣ በላ፣ ሁለተኛ ቆረሰ።

"ምን ሆኖ ነበር?" አለ።

አዴ ሙሚና "ዶሮዋ ከምድጃው ስትነሣ ዓይኑም ተነሣ" አለች። ጋሽ ታደሰ ባይኖርም አንድ ሌላ ሹፌር ከደጅ ሆኖ "ታደሰ ነው ቱቦውን ያበጀው" አለ። አክስቴ እጇን እየጠራረገች "ለፋጡማ ብቻ ነው የሚታዘዘው" አለች። አባቴ ሁሉንም ሰማ። ከሁሉም የአክስቴን መረጠ፤ የእኅቱን ቃል ሳይመርጥ ውሎ አያውቅም። ለሰንበቴው ሰው "ሥራ ይዛለች" የሚል ቃል ላከ። እኔም ተረፍኩ።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አባቴ ተመልሶ መጣ፤ ፊቱ ላይ ሳቅም ጭንቀትም አለ። የሰንበቴው ሰው ለካ ከብት ሊነዳ ሲያልፍ ዳቦውን በልቷል። ማን ጋገረው ብሎ ጠይቋል። አሁን ከድሮው ይልቅ አጥብቆ ፈልጎኛል። "እንዲህ ያለች ምራት ሰንበቴ ገበያ ላይ ዳቦ ብትሸጥ…" ብሏል አሉ። ፉርኖው ቢበላሽ እዳራለሁ፤ ቢሠራ ደግሞ ይበልጥ እዳራለሁ። እንዲህ ያለ ብልሽት የት ነው የሚጠገነው?

አክስቴ ሻይ እየቀዳች ሰማችው። "እንግዲያው ፉርኖውን አብሮ ይውሰድ" አለች። "ከነቱቦው፣ ከነጣራው። ጣራው የኔ ቤት ላይ ነው፤ እኔንም ይውሰደኝ። እኔ የሄድኩበት እሳቴ አይቀርም፤ እሱን ልትጭር የምትመጣውን ሙሚናንም ይጨምርበት። ይኼን ሁሉ የሚያበላ ከሆነ ሽማግሌውን ይላክ።"

አባቴ ሳቀ። ሽማግሌ አልመጣም። አሁንም አልመጣም።

እንግዲህ የናንተም ፉርኖ ቢያጨስ፣ እንጨቱን እዩ፣ መዝጊያውን እዩ፣ ቱቦውን እዩ፤ ከሁሉ በፊት ግን መሳቢያውን ሳቡ። አመዱን ስታወጡ ደግሞ ወዴት እንደምትወስዱት አስቀድማችሁ አስቡ። እኔ ጠዋት ጠዋት ፍሙን ከጓሮ ወደ ፉርኖው፣ ማታ ማታ ከፉርኖው ወደ ጓሮ አመላልሳለሁ። ስወጣ ስገባ ገብስማዋ ዶሮ የእንጨት ክምሩ ላይ ሆና አንገቷን አዙራ ታየኛለች። በዚህ ሁሉ ነገር ቤቷን ያጣችው እሷ ብቻ ናት፤ እስካሁንም አልታረቀችኝም።